ዲቪ ደርሶሃል ብለው ፓስወርዴን ወሰዱት፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ። ትናንት ማታ «ዲቪ ደርሶሃል፣ 330 ዶላር ላክ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ባንዲራው፣ ማኅተሙ ቁርጥ የኤምባሲ ነው። ሊንኩን ስነካው የጂሜይል መግቢያ የሚመስል ገጽ ወጣ፤ እኔ ሞኙ ፓስወርዴን አስገባሁ።

ጓደኛዬ የላኪውን አድራሻ አይቶ «የአሜሪካ መንግሥት ኢሜይል መጨረሻው ላይ ያለው ዶት ጎቭ (.gov) የታለ? ዲቪ የደረሰው ሰው በኢሜይል አይነገረውም እኮ፣ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው። የቪዛው ክፍያም ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ነው» አለኝ።

ብር አልላክሁም፣ ተመስገን። የጂሜይሉን ፓስወርድም ቀይሬያለሁ። ግን ፌስቡኬም በዚያው ፓስወርድ ነው የሚከፈተው (ስንፍና ነው፣ አውቃለሁ)። የፓስፖርቴ ፎቶ ደግሞ ከላክኋቸው መልእክቶች መሃል አለ። ሌባው አሁንም ኢሜይሌ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በምን አውቃለሁ? ካለስ እንዴት ላስወጣው?