እማዬን ሞራ ጋርዷታል፤ «እስኪበስል ጠብቁ» ይሉናል። እንጠብቅ?

የሐይቅ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እማዬ ግን ሐይቅ ናት፣ ወሎ። ዕድሜዋ 67 ነው። ስኳር አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች።

ለፋሲካ ስሄድ ዓይኗ እንደደከመ ገባኝ። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን የምትፈልገው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። በር ላይ ቆሜ እንኳ የለየችኝ በድምፄ ነው። የቀኝ ዓይኗ ብሌን ነጣ ብሏል፤ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ በደንብ ይታያል። ግራው ብዥ ይልብኛል ትላለች። የሚገርመኝ፣ አምና ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር። «ዓይኔ ተመለሰልኝ» ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄዳ «ሞራ ነው» ተብላለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ይላል። ጎረቤቶቻችን «ሞራው እስኪበስል ጠብቁ፣ ጥሬውን አይነኩትም» ይሉናል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሞራ ያቀልጣል የተባለ ጠብታ ልካለች፤ ገና አልተከፈተም። እማዬ ደግሞ «ዓይን አውጥተው አጥበው ነው አሉ የሚመልሱት፣ በዚህ ዕድሜዬ አላስነካም» ብላ እምቢ ብላለች። ጠበሉ ይበቃኛል ነው የምትለው።

እንጠብቅ ወይስ እንሂድ? ጠብታው ይሠራል? ስኳር ያለበት ሰውስ ኦፕራሲዮን ይደረጋል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ ከጎንደር፦

እህቴ፣ አትጠብቂ። ዓይን ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ «እስኪበስል» ተብለው ቤት የተቀመጡ እናቶችና አባቶች በመጨረሻ እንዴት ሆነው እንደሚመጡ አይቻለሁ።

ከብሌኑ ጀርባ የተፈጥሮ ሌንስ አለ። በወጣትነት ጥርት ያለ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮቲን ከዕድሜ ጋር ይረጋል፣ ይነጣል። የእንቁላል ነጩ ክፍል ሲቀቀል እንደሚሆነው ማለት ነው። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ አይመለስም፤ ለዚህ ነው ሞራ የሚያቀልጥ ጠብታ የሌለው። የአክስትሽ ልጅ ለፍቅር ነው የላከችው፣ እግዜር ይስጣት፤ ግን አትክፈቱት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚባክነው፣ ጠብታውን ሲሞክሩ ጊዜው ይሄዳል።

አምና ያለ መነጽር ክር ያስገቡት ዓይናቸው ድኖ አይደለም። ሞራ ሲጀምር የሌንሱ መሐል ይጠነክርና ዓይን ቅርብ ቅርቡን ለጊዜው ያያል። ብዙ ሰው በዚህ ይዘናጋል። ከዚያ ያም ይጠፋል።

«እስኪበስል» የሚለው ምክር ከድሮ የመጣ ነው። ድሮ ሌንሱ ሲወጣ በምትኩ የሚገባ ነገር አልነበረም፤ ሰውየው ከኦፕራሲዮን በኋላ በጣም ወፍራም መነጽር ነበር የሚያደርገው። ስለዚህ ሐኪሞቹም ዓይኑ ጨርሶ እስኪጋረድ ይጠብቁ ነበር። አሁን በቦታው ሌላ ሌንስ ስለሚተካ፣ ዋናው ጥያቄ ሰውየው የዕለት ሥራውን መሥራት ቻለ ወይስ አልቻለም የሚለው ነው። ምስር በጣት የሚለቅም ሰው ጊዜው ደርሷል።

ሲቆይ ደግሞ አደጋ አለው። ከልክ በላይ የበሰለ ሞራ ውስጡ ፈሳሽ እየሆነ ይወጣና የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዓይኑ ይቀላል፣ ራስ ምታቱና ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስመልሳል። እንዲህ ሆነው ሲመጡ አንዳንዴ የዓይን ነርቩ ተጎድቶ እናገኘዋለን። ያኔ ሌንስ ብትቀይሪም ብርሃኑ አይመለስም።

በዚህ ላይ፣ «ሞራ ነው» የተባለ ሁሉ ሞራ ብቻ አይደለም። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ፣ አብሮ ሊኖር ይችላል። ስኳር ሬቲናን፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ሊጎዳ ይችላል። እኛ ጋ አንድ ታማሚ ሲመጣ አንዱን ዓይኑን በእጁ እናስሸፍነዋለን፤ በባትሪ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ እያበራን «መብራቱ ከየት መጣ?» እንለዋለን። ሞራው የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ነርቩ ደህና ከሆነ በአብዛኛው በትክክል ይጠቁማል። ከየት እንደመጣ ካልለየ እንሰጋለን። ከዚያ የዓይን ግፊት ይለካል፣ ብሌኑ በጠብታ ይከፈትና ጀርባው ይታያል። ሞራው ወፍሮ ጀርባውን ከጋረደ በአልትራሳውንድ ይታያል። ይህን ቤት ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እናትሽ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ይነቅላሉ? በእናንተ አካባቢም በእኛም ትራኮማ የሚባለው የዓይን ኢንፌክሽን ብዙ ሰው ጎድቷል። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸውን የሚወጋ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ነው የሚስተካከለው፣ ሞራው ከዚያ በኋላ ይወጣል። ካልሆነ ቁስሉ ላይ ኢንፌክሽን ይገባል።

ስኳር ያለበት ሰው ኦፕራሲዮን ይደረጋል። እንዲያውም ስኳር ሞራን ያፋጥናል፣ ብዙዎቹ ታማሚዎቻችን ስኳር ያለባቸው ናቸው። ግን ስኳሩ መስተካከል አለበት። ከፍ ብሎ ከተገኘ ቀጠሮው ይገፋል፤ ከሐይቅ ድረስ ተሂዶ መመለስ ያሳዝናል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ይከታተሉ።

ዓይን አውጥቶ የሚያጥብ ሐኪም በዓለም ላይ የለም። ዓይኑ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይከፈታል፣ የነጣው ሌንስ በዚያ ይወጣል፣ አዲሱ በቦታው ይገባል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ያለ ስፌትም ይዘጋል። አንድ ዓይን ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አይነኩም፣ ከሁለቱ የባሰው ይቀድማል።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ግማሹ ምክንያት ሞራ ነበር። በግማሽ ሰዓት ሥራ ሊመለስ የሚችል ብርሃን ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ለእናንተ የሚቀርበው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፣ ደሴ አጠገብ። የዓይን ክፍል አለው። የጤና መድን ካርድ ካላቸው ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፉ። አዲስ አበባ ወስደሽ ማሳየት ከፈለግሽ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ነፃ ዘመቻ ሲኖር ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያውቃል፤ ዘመቻ ይመጣል ብላችሁ ግን አትቀመጡ።

ረጅም መንገድ፦

ነርሷ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ አይሱዙ ሹፌር ነኝ። የኔ የጀመረው በማታ ጉዞ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ ተበትኖ መንገዱን በሙሉ ያጥበረብረኝ ነበር። መነጽር ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሐኪም ጋ ስሄድ በሁለቱም ዓይኔ ሞራ አለ ተባልኩ። 50 እንኳ አልሞላኝም፤ የሽማግሌ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ለእናትሽ ንገሪያት፣ የሚያመው መርፌዋ ብቻ ናት፣ ዓይን ሥር የምትወጋው ማደንዘዣ። እሷም ቶሎ ታልፋለች። ፊትህ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይጣላል፣ ለዓይንህ ብቻ ቀዳዳ አለው። ከዚያ ደማቅ መብራት ነው የሚታይህ። ቢላ አይታይም። ውኃ በጉንጭህ ሲወርድ ይሰማሃል፣ ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ሲያወራ ትሰማለህ። «አይዞህ፣ ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ» ይልሃል። ማሳል ከፈለግህ አስቀድመህ ትናገራለህ። በቃ።

ፋሻው በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው። ነጭ። እኔ ነጭ የሚባለውን ለካ ለዓመታት ቢጫ አድርጌ ነበር የማየው! ያልተሠራውን ዓይኔን ጨፍኜ ሰማይ አየሁ፣ ከዚያ በዚያኛው አየሁ፣ ሰማያዊው የተለያየ ነው። እናትሽም ነጠላዋን ስታይ ይገባታል።

ሌላ ነገር። ከጊዜ በኋላ እንደገና ብዥ ሲልብኝ «ሞራው ተመልሶ በቀለ» አሉኝ ጓደኞቼ። አይበቅልም። አዲሱን ሌንስ የያዘው ስስ ሽፋን ነው የሚደበዝዘው። በሌዘር ከፈቱልኝ፣ ሕመም የለውም፣ ቀስ እያለ ጠራ።

አሁን ቀን ቀን የፀሐይ መነጽር አይለየኝም። ጥቁር መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ዩቪ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር የሚከላከል መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ። ሲጋራም የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ ንገሩት፣ ሞራን ያመጣል።

ፋርማሲስቱ፦

ስለ ጠብታ ከተነሳ እኔም ልጨምር። ሞራ ያቀልጣል ከሚባለው የባሰ የሚያስፈራኝ፣ ሰዉ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ነው። ልጆች ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው እናት ትገዛለች፤ በቀናት ውስጥ ቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩ ይቆማል። ደስ ይላታል። ሲመለስ እሱኑ ትደግማለች። እንዲህ ወራትና ዓመት ይሄዳል። መድኃኒቱ ስቴሮይድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሞራም የዓይን ግፊትም ያመጣል። ሞራው ይወጣል፣ ግፊቱ የወሰደውን ግን ማንም አይመልሰውም። ጠርሙሱ ላይ «ዴክሳ» ወይም «ፕሬድኒ» የሚል ካያችሁ የዓይን ሐኪም ሳያዝ አትግዙ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ይኸው መድኃኒት ይታዘዛል፣ ያ ሌላ ነው፣ በቀጠሮ ይጀመራል በቀጠሮ ይቆማል።

ደግሞ የሕፃን ብሌን ነጥቶ ያየ ሰው በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ይሂድ። ሕፃንም ሞራ ይዞ ይወለዳል፤ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። «ሲያድግ ይለቀዋል» አይባልም።

የሐይቅ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእማዬ በስልክ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማች። አረንጓዴ ጨርቁ ጋ ስደርስ «ቢላው አይታይም ነው ያለው?» አለችኝ። ሽፋሽፍቷን ግን በወረንጦ ትነቅላለች፤ እኔ አላውቅም ነበር፣ ጎረቤታችን ናት የምትነቅልላት።

አሁን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። ሌንሱ አርቲፊሻል ስለሆነ ጊዜው ያልፍበታል ወይ ትላለች። ስግደቷስ? ጠበሉስ? የፍልሰታ ጾምም እየመጣ ነው።

ነርስ ከጎንደር፦

ሌንሱ ዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም። ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው የጀመረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ ስባሪው ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ያክም ነበር። ያ ፕላስቲክ ዓይናቸውን ሳያስቆጣ ሲቀመጥ አየ። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስግደቱን ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸው ይተዉት። ግንባር መሬት ሲነካ ጭንቅላት ወደ ታች ይሆናል፣ ቁስሉ ላይ ጫና አለው። ቆመው ይጸልዩ። ሙስሊም ታማሚዎቻችንም ለጊዜው ተቀምጠው ይሰግዳሉ፣ በውዱእም ውኃ ወደ ዓይናቸው አያስገቡም። ጠበሉን ይጠጡት፤ ዓይናቸው ላይ ግን አይረጩት። ቧንቧም ሆነ ጠበል፣ ውኃ ጀርም ይዞ ይገባል። ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ አብሺላቸው። ማታ የሚታሰረውን መከላከያ አድርገው ይተኙ፣ ሳያውቁት እንዳያሹት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚታዘዘው ጠብታ ለአንድ ወር ገደማ ነው የሚቀጥለው። ጾሙን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፣ ጠብታውንና የስኳር ኪኒናቸውን ግን እንዳያቋርጡ። ምጣድ ላይ አይቀመጡ፤ ጭሱም ሙቀቱም አይሆናቸውም። እንስራ ማንሳት የለም።

ዓይናቸው ከቀላ፣ ካመማቸው ወይም ያገኙት ብርሃን መልሶ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ይዘሻቸው ሂጂ። እዚያ ላይ ሰዓት ዋጋ አለው።

የሽፋሽፍቱን ነገር ስለነገርሽን ጥሩ ሆነ። በወረንጦ ሲነቀል ተሰብሮ የቀረው ተመልሶ ይወጋል፣ መስታወት የመሰለውን የዓይን የፊት ክፍል ያቆስለዋል፣ ጠባሳው ያደበዝዘዋል። ቦሩ ሜዳ ስትደርሱ መጀመሪያ ይህንን ንገሪያቸው። እናትሽ የሚወስዱትን ኪኒን በሙሉ ከነማሸጊያው ያዙ፣ አንድ አስታማሚም አብሯቸው ይደር።