ጥቆማ፦ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ትንሹ ዲስትሪክት ወይስ ትልቁ?

የኪራይ ውል የሚታደስበት ሰሞን ሲደርስ ይሄ ጥያቄ አይቀርም። ለልጆች ትምህርት ፎልስ ቸርች ሲቲ ይሻላል ወይስ ፌርፋክስ ካውንቲ? ሁለቱም የየራሳቸው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር (ዲስትሪክት) አላቸው፤ የሲቲው ትንሽ፣ የካውንቲው ትልቅ።

መልሴን አስቀድሜ ልበል። ኪራዩን ከቻላችሁት፣ ልጃችሁም ሰው በበዛበት ድምፁ የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ፣ ፎልስ ቸርች ሲቲ። ልጁ በቅርቡ ከአገር ቤት መጥቶ እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ከሆነ ግን እኔ ፌርፋክስን ወይም አሌክሳንድሪያን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ አድራሻውን አጣሩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማስታወቂያው «ፎልስ ቸርች» ስላለ ቤቱ ሲቲው ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ፖስታ ቤት ስሙን ለሰፊ አካባቢ ነው የሚጠቀምበት። ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ያሉት አፓርታማዎች አድራሻቸው ፎልስ ቸርች ነው፤ ልጆቻቸው የሚመዘገቡት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ሲቲው ራሱ 2 ስኩዌር ማይል ገደማ ብቻ ናት። ይባስ ብሎ ፎልስ ቸርች ሃይ ስኩል የሚባለውም የፌርፋክስ ትምህርት ቤት ነው! የሲቲው ሃይ ስኩል ሜሪዲያን ይባላል፤ እስከ 2021 ድረስ ጆርጅ ሜሰን ነበር ስሙ። ዚፕ ኮድም አያድናችሁም። 22046 ባብዛኛው ሲቲው ነው፤ ኢደን ሴንተር ግን 22044 ሆኖ ሲቲው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ትክክለኛውን የቤት ቁጥር ይዛችሁ ለሲቲው ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ክፍል ደውሉ። የደላላ ቃል አይበቃም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ፎልስ ቸርች በ1948 ከካውንቲው ተለይታ ራሷን ስትችል አንዱ ዋና ምክንያት የራሷን ትምህርት ቤት ማስተዳደር ነበር። ዛሬም የከተማዋ ኩራት እሱ ነው። ተማሪው በጠቅላላ ከ3,000 አይበልጥም፤ ፌርፋክስ ደግሞ 180,000 ገደማ ተማሪ አለው። ሲቲው አንድ ሚድል ስኩልና አንድ ሃይ ስኩል ነው ያለው፣ ጎን ለጎን። አብረው ኬጂ የጀመሩ ልጆች አብረው ይመረቃሉ። አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የሚባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም ከታች ክፍል ጀምረው ይዘውታል። ልጁ ሲደክም ቶሎ የሚያስተውል ሰው አለ።

አንድ ሃይ ስኩል ማለት ግን አንድ ነው። ልጁ እዚያ ካልተመቸው ዲስትሪክቱ ውስጥ ሌላ መሄጃ የለውም። ፌርፋክስ ወደ 200 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ የጃፓንኛና የኮሪያኛ ኢመርሽን (የትምህርቱ ከፊል በዚያው ቋንቋ የሚሰጥበት)፣ ለፈጣን ልጆች የተለየ ክፍል፣ ከመኪና ጥገና እስከ ጤና ሙያ የሚያስተምሩ አካዳሚዎች። ችግሩ፣ ወላጅ ራሱ ካልጠየቀ ብዙውን ማንም አይነግረውም። «ቲጄስ?» (ቶማስ ጄፈርሰን፣ በማመልከቻ ተወዳድረው የሚገቡበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሃይ ስኩል) ለምትሉ፦ ከሁለቱም ዲስትሪክት ማመልከት ይቻላል። ከአሌክሳንድሪያ ግን አይቻልም።

ስለ ገንዘቡ። ቨርጂኒያ ውስጥ የትምህርት ቦርድ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ የሚመድብለት የከተማው ወይም የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ስቴቱ የአካባቢውን አቅም በቀመር ይለካል፤ ሀብታም አካባቢ በቀመሩ ከሚሰላው ወጪ እስከ 80 በመቶ ራሱ ይሸፍናል። ፎልስ ቸርች እዚህ ጣሪያ ላይ ካሉት ናት። በተማሪ የሚወጣውን ብር ስታነጻጽሩ ግን ተጠንቀቁ። ትንሽ ዲስትሪክትም ሱፐርኢንተንደንት፣ ሒሳብ ክፍልና አውቶቡስ ያስፈልገዋል፤ ያ ወጪ ለጥቂት ልጅ ሲካፈል ቁጥሩ ይተልቃል። ሁሉም ክፍል ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ወጪ ማሳወቅ በ2015ቱ የፌዴራል ሕግ ግዴታ ስለሆነ ስቴቱ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ የሚሰጡትን ድረ ገጾች በተመለከተ፦ ግሬትስኩልስ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፣ ዚሎው የሚባለው የቤት ማስታወቂያ ገጽ ላይ ከቤቱ ፎቶ ሥር የምታዩት እሱ ነው። ለመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። ኒች የተማሪና የወላጅ አስተያየት ስለሚቀላቅል ለማንበብ ይጥማል፤ ደረጃውን ግን እኔ ብዙም አላምነውም። የፈተና አማካይ ውጤት ከምንም በላይ የሚናገረው የወላጆችን ገቢ ነው። ለዚህ የምመክራችሁ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን የትምህርት መረጃ ገጽ ነው፤ በነፃ ነው። አማካዩን ለብቻ፣ ልጆቹ በዓመት ምን ያህል እንደሚያድጉ ለብቻ ያሳያል። እድገቱን እዩ። የስቴቱ ስኩል ኳሊቲ ፕሮፋይልስ ደግሞ የኤስ.ኦ.ኤል. (የስቴቱ ፈተና) ውጤትን በየተማሪ ቡድኑ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ትንሽ ዲስትሪክት ላይ ግን ባዶ ሳጥን ይበዛል፣ ምክንያቱም ከ10 ልጅ በታች ከሆኑ ውጤታቸው አይወጣም። የወጣውም ቢሆን ጥቂት ልጆች ስለሆኑ ካንዱ ዓመት ወደ ሌላው ይዘላል። ቢያንስ የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ እዩት።

አዲስ ለመጣ ልጅ ትልቁን ያልኩት ለዚህ ነው። ፌርፋክስ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን መረጃቸውን በአማርኛ ያወጣሉ። እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ብዙ ስለሆኑ ለዚሁ የተመደቡ መምህራንም ብዙ ናቸው። ትንሽ ቦታ ልጃችሁ ብቸኛው አማርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። የትም ብትገቡ ግን ትምህርት ቤቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊያስረዳችሁ በሕግ ግዴታ አለበት። አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ ስለ ራሱ ውጤት ምን ብሎ እንደሚተረጉም የታወቀ ነው።

ፎልስ ቸርች አቅማችን አይደለም፣ ግን ትንሽ ዲስትሪክት እንፈልጋለን ካላችሁ ማናሳስ ፓርክን እዩት። እንደዚያው ትንሽ ከተማ፣ አንድ ሃይ ስኩል። የከተማው አቅም ግን ከፎልስ ቸርች በጣም ያነሰ ስለሆነ ከስቴቱ የሚያገኘው ድርሻ ከፍ ይላል። ቲጄ ደግሞ ከዚያ አይኬድም።

ሜሪላንድ ላላችሁ ይሄ ሁሉ እምብዛም አይመለከታችሁም። እዚያ ዲስትሪክት ማለት ካውንቲው ነው፤ ባልቲሞር ከተማን ጨምሮ በስቴቱ 24 ብቻ ናቸው። እናንተ ማነጻጸር ያለባችሁ ቤቱ የሚመደብበትን ትምህርት ቤት ነው።