አስቸኳይ፦ የጀልባዋ ሬዚን አልደርቅ አለ፣ ቅዳሜ ልጆቹ ይመጣሉ

የገላኗ (ረቡዕ ማታ 2፡40)
ሰላም ናችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የትንሿ ጀልባ ሆድ ተሰነጠቀ። ትናንት በፋይበርና በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክረው ፈሳሽ ማጣበቂያ) ለጠፍነው፤ እስካሁን ግን እጅ ላይ ይጣበቃል። ቀን ሙሉ ጠበቅን፣ ወይ ፍንክች። አሁን ደግሞ ዝናቡ ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጆችና ወላጆች ይመጣሉ። ጀልባዋ የእኛ አይደለችም፣ ተውሰናት ነው። ምን ላድርግ?

ናቲ ቃሊቲ
ገላን ላይ ጀልባ? ጎርፉ እዚያ ደርሷል እንዴ? እኛም እንዘጋጅ።

የገላኗ
ሳቅ፣ ምን አለብህ። በበጋ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ በሸራ ጀልባ የምንሄድ ትንሽ ክለብ ነን። ክረምት ሲገባ ጀልባዎቹን ከቢሾፍቱ አምጥተን ገላን አንድ አባላችን ግቢ ውስጥ እናስቀምጣለን። ይህቺ ኦፕቲሚስት የምትባለው የልጆች ጀልባ ናት፤ 2 ሜትር ከ30 ብቻ ነው ርዝመቷ። የሸፈንባት ሸራ ላይ ውሃ አቆረ። በክብደቱ የእንጨት ማቆሚያው ተንሸራተተና ድንጋይ ላይ ወደቀች። ስንጥቁ አንድ ስንዝር ተኩል ይሆናል።

ዳኒ ፈጣኑ
ቀላል ነው። ሃርድነር፣ ያንን ሬዚን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ፣ ጨምሪበት። ላዩ ላይ በቡሩሽ ቀቢው፣ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ሊሊ የፀጉሯ
ፎን የለሽም? እኔ ጋ የኮረሪማ ሽታ ያለው ፀጉር እንኳን በ20 ደቂቃ ይደርቃል። ጀልባ ምን ያቅተዋል?

ጋሽ መርከቡ
ልጄ፣ ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ታገሱኝ። የእናንተ ክለብ ባለፈው የለጠፈውን የክረምት ፕሮግራም አይቼዋለሁ። ጥገና፣ ገመድ፣ ቲዎሪ፣ የዓመት ዕቅድ፣ እራት። ይህ ከፈረንጆቹ የተቀዳ ነው። እነሱ ከጥቅምት ገደማ ጀምረው ጀልባቸውን ከውሃ የሚያወጡት በብርድና በበረዶ ምክንያት ነው። መልሰው የሚያስገቡትም በሚያዝያ ነው። የእነሱ መጽሐፍ «በክረምት ጠግኑ» ሲል ማሞቂያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ማለቱ ነው። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ጠላታችን በረዶ ሳይሆን ውሃ ነው። ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይመጣል፣ ከአየሩም አይጠፋም። ስለዚህ ጀልባ በክረምት ሽቅብ አይቀመጥም። ይገለበጣል! ሆዱ ወደ ሰማይ፣ ከሥሩ ሁለት አሮጌ ጎማ፣ ሸራውም እንደ ጎጆ ክዳን ተዳፋት ኖሮት። ሽቅብ የተቀመጠ ጀልባ ገንዳ ነው።

የገላኗ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሽቅብ ነበር ያስቀመጥናት። ግን እሱ አለፈ፤ አሁን የሚጣበቀውን ምን ላድርገው?

ጋሽ መርከቡ
ወደሱ እመጣለሁ። የሳምቡክ፣ የቀይ ባሕሩ የእንጨት ጀልባ፣ ሰዎች ስንጥቅ የሚደፍኑት ዘይት በጠጣ ጥጥ ነበር...

ናቲ ቃሊቲ
ጋሼ፣ ጀልባዋ ፕላስቲክ ነገር ናት። ጥጡን ለጆሯችን እናስቀምጠው።

ቦዲ ሠሪው
እህቴ፣ እኔ የመኪና ቦዲ ነው የምሠራው። የሚኒባስ ኮፈንና ፓራውልት በፋይበር ስንለጥፍ ኖረናል፤ ነገሩ አንድ ነው። ሦስት ነገር ሳትነግሪን ማንም ቢመልስልሽ ግምት ነው። ስንት ሬዚን ውስጥ ስንት ሃርድነር ጨመራችሁ? ጥፍርሽን ስትጫኚው ይገባል ወይስ ላዩ ብቻ ነው የሚጣበቀው? ከመለጠፋችሁ በፊትስ ስንጥቁ ደርቆ ነበር?

ዳኒ ፈጣኑ
ሃርድነር ብቻውን ቀቢበት። ለምን ታወሳስባላችሁ?

የገላኗ
ሬዚኑ በድልህ ጣሳ ሙሉ ነው፣ 400 ግራም ይሆናል። ሃርድነሩ 10 ጠብታ። ሻጩ «ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል» አለኝ። ጥፍሬን ስጫነው መሃሉ ላይ እንደ ሰም ይገባል። ዳር ዳሩ ትንሽ ይሻላል። ስንጥቁን በፎጣ ጠርገነዋል።

ቦዲ ሠሪው
አገኘነው። ይህ መድረቅ አይደለም ያቃተው፣ ገና ምግቡን አልበላም። ፖሊስተር ሬዚን ከክብደቱ ከመቶ 1 እስከ 2 ሃርድነር ይፈልጋል። በዚህ ብርድ ወደ 2 ነው የምንጠጋው። 400 ግራም ላይ 8 ግራም ማለት ነው፣ በስሪንጅ 7 ሚሊ ገደማ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ቢሆን ነው። አንቺ የሰጠሽው ግማሽ ሚሊ ነው። እሱም በሐምሌ ሌሊት ብርድ። እንኳን ሬዚን፣ እኛም አልደረቅንም።

ሌላም ነገር ልንገርሽ፣ ለወደፊት ይጠቅምሻል። አንዳንዱ ሬዚን ውስጡ ጠንክሮም ላዩ ይጣበቃል። አየር ሲነካው ላዩ በደንብ ስለማይያዝ ነው። ያ ችግር አይደለም። የመጨረሻው ቅብ ላይ ሳይደርቅ ስስ ላስቲክ አልብሰሽ በእጅሽ እያሻሸሽ አየሩን ታስወጪለታለሽ፤ ሲደርቅ ላስቲኩን ትልጪዋለሽ። ወይም በአሴቶን ጠርገሽ በብርጭቆ ወረቀት ትፈጊዋለሽ። ያንቺ ግን ጥፍር ያስገባል ካልሽ ይነሳ። ይፋቅ። ማዘን የለም።

ዳኒ ፈጣኑ
አይፋቅም! ላዩ ላይ ሃርድነር የበዛበት ሬዚን ብትቀቢ ሥሩንም ይዞት ይደርቃል። ለአጎቴ የውሃ ታንከር ሠርቻለሁ።

ቦዲ ሠሪው
ስስ ከሆነ አንዳንዴ ይይዛል፣ አልክድም። ሁለት ሦስት ድርብ ከሆነ ግን ላዩ ቅርፊት ይሆናል፣ ሥሩ ገንፎ እንደሆነ ይቀራል። ታንከሩ ቢያፈስ አጎትህ ባልዲ ያስቀምጣል። ይህቺ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

ናቲ ቃሊቲ
ከሥሯ የከሰል ምድጃ ብታስገቢላትስ? ቤቱን ዘግተሽ። ቡናም ይፈላበታል።

ቦዲ ሠሪው
በፍጹም! በፍጹም! የሬዚን ትነት እሳት ይይዛል። በተዘጋ ቤት ከሰል ደግሞ ሰው ይገድላል፣ ይህን ማንም ያውቃል። እባክህ እዚህ ላይ አትቀልድ።

የገላኗ
ደግነቱ አላደረግኩትም። ግን በምን ላሙቀው? እዚህ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል።

ቦዲ ሠሪው
ሬዚኑን ጣሳውን ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ አሳድሪው፣ ሞቅ ያለ ክፍል፣ ግን ሰው የሚተኛበት አይሁን፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ነገ ከእኩለ ቀን በፊት አትጀምሪ። የድሮውን ዓይነት አምፖል ፈልጊ፣ ኤልኢዲ አያሞቅም። አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይንጠልጠል። ከ18 ዲግሪ በላይ ከሆነልሽ በደንብ ይይዛል። የሊሊ ፎንም ከመለጠፍሽ በፊት ስንጥቁን ለማድረቅ ይሆናል። ፎጣ እርጥበቱን ከፋይበሩ ውስጥ አያወጣም።

ሊሊ የፀጉሯ
አያችሁ!

ቦዲ ሠሪው
አሠራሩ እንዲህ ነው። ለስላሳውን በሙሉ ፍቂ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አራት አምስት ጣት ያህል በብርጭቆ ወረቀት እየሳሳ እንዲሄድ ፈግፍጊው፣ ገደል አይሁን። ማስክ አድርጊ፣ የፋይበር ብናኝ ሳንባ አይወድም። ከውስጥ በኩል ላስቲክ የለበሰ ካርቶን ደግፊ። ፋይበሩን ሦስት ድርብ አድርጊ፤ በቡሩሽ እየደቃሽ፣ ነጭ ነጭ ቦታ እንዳይቀር። ነጭ ማለት አየር ነው። እና በአንዴ ጣሳ ሙሉ አትበጥብጪ። 100 ግራም ላይ 2 ግራም፣ እንደገና 100። ብዙ ከሆነ ጣሳው ውስጥ ራሱ ይግልና ይጨሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁላችሁም። አንዳንድ ቦታ ሬዚኑ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ተጨምሮበት ይሸጣል። አንዱ ሃርድነር፣ ሌላው ሐምራዊ የሆነው ማፍጠኛ፣ ኮባልት። ሁለቱን በቀጥታ እርስ በርስ የቀላቀለ ሰው ፍንዳታ ነው የሚጠብቀው። መጀመሪያ ኮባልቱን ከሬዚኑ ጋር አዋህዱ፣ ከዚያ ሃርድነሩ። ሃርድነሩ ዓይን ከነካ ደግሞ ዓይን ነው የሚሄደው። መነጽር አድርጉ።

ሳሪስ ልጅ
ኤፖክሲ የሚባለውን ሌላውን ሬዚን ብትጠቀሚስ? ከፖሊስተር የበለጠ ይይዛል።

ቦዲ ሠሪው
ይይዛል፣ ልክ ነህ። ግን ዋጋው ሌላ ነው። ደግሞ ያ በየቦታው የሚሸጠው ብትን ፋይበር ለፖሊስተር የተሠራ ነው፣ ከኤፖክሲ ጋር በደንብ አይርስም። ጨርቅ የመሰለው፣ የተሸመነው ያስፈልጋታል። አንዴ ኤፖክሲ ከነካው በኋላም ፖሊስተር ላዩ ላይ በቅጡ አይያዝም።

የቅዱስ እናት (ሐሙስ ጠዋት)
ልጄ ከሚመጡት አንዱ ነው፣ ስለዚህ ልጠይቅ። በዚህ ዝናብ ልጆቹን ምን ልታደርጓቸው ነው? ክረምት ለጀልባ ነው እንዴ? ለምን ጥቅምትን አትጠብቁም?

የገላኗ
እህቴ፣ ጥቅምት ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ጀልባው ሥራ ሲፈታ ነው ልጆቹም ሥራ የሚፈቱት፣ ሌላ ጊዜ የለንም። ውሃ ላይ አንወጣም። ቅዳሜ ቋጠሮ ነው የሚማሩት፦ ስምንት ቁጥሩ ቋጠሮ፣ ጫና ላይ የማይጠብቀው ቀለበት። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ በጥቁር ሰሌዳ እናሳያቸዋለን። ሁለት ጀልባ ሲገናኝ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅም። ከዚያ ወላጆች ቁጭ ብለው ስለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬትና ስለ ዋና ሥልጠና ይወስናሉ። ዋና የማይችል ልጅ በመስከረም ጀልባ ላይ አይወጣም።

የቅዱስ እናት
ታዲያ ቅዳሜ የደረቀች ጀልባ ለምን አስፈለገች? ሰሌዳና ገመድ በቂ ነው። የተሰበረችዋን አሳዩአቸው፣ ስንጥቅ እንዴት እንደሚጠገን ቢያዩ ምን ይጎዳል? ብናኙን እንዳይነኩ ብቻ።

ጋሽ መርከቡ
እናትየው ከሁላችንም ይበልጥ ተናገሩ።

የገላኗ
እሱ ልክ ነው። ግን ባለቤቱም ቅዳሜ ይመጣል።

የቅዱስ እናት
እና አልነገርሽውም?

የገላኗ
ጠግነን ልንነግረው ነበር።

ጋሽ መርከቡ
ልጄ፣ ዛሬውኑ ደውዪለት። ሬዚን ቢደርቅም ቅያሜ አይደርቅም። በዚያው ሌሎቹንም ተመልከቱ። ሸራዎቹን በማዳበሪያ ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁ ሻጋታ ይበላቸዋል፤ በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ከጣሪያ ላይ ይንጠልጠሉ። ገመዶቹንም አይጥ እንዳይደርስባቸው።

የገላኗ
ጋሼ፣ አይጧ ቀድማዎታለች። አንደኛውን ሸራ ከሦስት ቦታ በልታዋለች። እሱን ሌላ ቀን እጠይቃለሁ።

የገላኗ (ሐሙስ ማታ 1፡15)
ፍቄዋለሁ። ፎኑ ሠርቷል፣ ከፋይበሩ ውስጥ ውሃ ፊንጭ ብሎ ሲወጣ አየሁት። ስሪንጅ ገዛሁ፣ 2 ግራም በ100። ሦስተኛውን ድርብ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ። በስልኬ መብራት ነው አሁን የምጽፈው። ጣሳው እጄ ላይ ሞቅ እያለ ነው። ልቀጥል ወይስ ልተው?

ቦዲ ሠሪው
ጣሳው ከሞቀ ጀምሯል፣ አሥር ደቂቃ የለሽም። ቶሎ ጨርሺውና ላስቲኩን አልብሺ። የቀረውን ጣሳ ደጅ አውጪው።

ዳኒ ፈጣኑ
ሃርድነር ጨምሪ።

ሰማያዊ በር (ሐሙስ ማታ 3፡50)
ይቅርታ፣ ከመሃል ገባሁ። ይህቺ ኦፕቲሚስት ሰማያዊ ሆና አፍንጫዋ ላይ ነጭ መስመር አላት?

ናቲ ቃሊቲ
ወይኔ።

ሊሊ የፀጉሯ
ወይኔ ወይኔ።

ናቲ ቃሊቲ (እሁድ)
እህት፣ ቅዳሜ ምን ሆነ? ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው።

የቅዱስ እናት
ልጄ ቤቱን በሙሉ በገመድ አስሮታል። የበሩን እጀታ መፍታት አቅቶኛል። ሌላውን እሷ ትንገራችሁ።

ቱሉ ዲምቱ 02 (ማክሰኞ)
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል፣ ግን የእኔ የመታጠቢያ ገንዳ ነው። ትናንት ለጠፍኩት፣ ዛሬም ይጣበቃል። ምን ላድርግ?

ቦዲ ሠሪው
ስንት ጠብታ ጨመርክ?