ሪትራይ አድርጌም ሪኩዌስቱ ለምን ድጋሚ አይወጣም?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ድሬዎች። ከጅቡቲ ወደዚህ የሚመጡ ኮንቴይነሮች የት እንደደረሱ ከሌላ ድርጅት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት በር) እየጠየቀ ለደንበኛ የሚያሳይ ሰርቪስ እየሠራሁ ነው፤ ኖድ 20 (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) እና አር ኤክስ ጄ ኤስ 7 (በየጊዜው የሚመጣ ዳታ ማስተናገጃ ላይብረሪ)። ከሰዓት በኋላ ኤፒአዩ አንዳንዴ ግንኙነቱን ያቋርጣል፣ አንዳንዴ 503 (ሰርቨሩ ለጊዜው አገልግሎት አልሰጥም ሲል) ይመልሳል። ሪኩዌስት የሚልከውን ፌችን ወደ ኦብዘርቨብል (ሰብስክራይብ ሲደረግ ዳታ የሚሰጥ ምንጭ) በሚቀይረው ፍሮም ጠቅልዬ ፓይፑ (የሥራ ደረጃዎቹ ሰንሰለት) ላይ ሪትራይ 3 (ሲወድቅ እስከ ሦስቴ ድገም) ጨመርኩ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ኤረሩ አራቴ ይታተማል፣ አራቱም በአንድ ቅጽበት። የወጣው ሪኩዌስት ግን አንድ ብቻ ነው። 503 ሲሆን ደግሞ ሪትራዩ ጭራሽ አይነቃም።

ለገሃሬ፦
አቦ፣ ሪትራዩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የሚደገም ነገር አልሰጠኸውም እንጂ። ፌችን በጠራህበት ቅጽበት ሪኩዌስቱ ወጥቷል። ለፍሮም የሚደርሰው መንገድ የጀመረ ፕሮሚስ (ወደፊት አንድ መልስ ወይም ኤረር የሚሰጥ ነገር) ነው። ፕሮሚስ ደግሞ አንዴ ከወደቀ ወደቀ፤ ሪትራይ ሰብስክራይብ ባደረገ (ዳታውን ለመቀበል በተመዘገበ) ቁጥር ያንኑ ኤረር ይሰጠዋል። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ያንኑ ቲኬት አራቴ ብታሳይ ማን ያሳፍርሃል?

ፌቹን ዲፈር ውስጥ ባለ ፈንክሽን አስገባው፤ ሰብስክራይብ በተደረገ ቁጥር አዲስ ይጠራል። እኔ ግን ከራሱ ከአር ኤክስ ጄ ኤስ የሚመጣውን ፍሮምፌችን እመርጣለሁ፤ አንሰብስክራይብ ስታደርግ ሪኩዌስቱንም ያቋርጠዋል። ታይምአውት (የጊዜ ገደብ) ከጨመርክ ከሪትራዩ በፊት ይሁን። ከኋላው ካስቀመጥከው ሙከራዎቹን ሁሉ እንደ አንድ ይለካቸዋል።

503ን ፌች እንደ ኤረር አይቆጥረውም። ስታተሱን አይተህ ራስህ ኤረር መወርወር አለብህ። ሪትራዩንም ዲሌይ ስጠው፤ የታመመ ሰርቨር በላይ በላዩ አይደበደብም።

ጀጎል፦
ከሐረር ሰላም። ኔስት ጄ ኤስ (የኖድ ፍሬምወርክ) ከሆነ ይሄ ችግር የለም፤ የኔስት ኤችቲቲፒ ሰርቪስ ውስጡ አክሲዮስ (ሌላ የሪኩዌስት መላኪያ ላይብረሪ) ሆኖ ሰብስክራይብ ሲደረግ ብቻ ነው የሚልከው። ሁለት ቦታ ሰብስክራይብ ካደረግክ ግን ሁለት ሪኩዌስት ይወጣል። አዌት ማድረግ (መልሱን እንደ ፕሮሚስ መጠበቅ) ከፈለግክ ፈርስትቫሊውፍሮም አለልህ፤ ቱፕሮሚስን ተወው፣ ከአር ኤክስ ጄ ኤስ 7 ጀምሮ ዲፕሪኬትድ (አትጠቀሙበት የተባለ) ነው። በእርግጥ አንድ መልስ ብቻ ከሆነ የምትጠብቀው፣ ወላሂ ኦብዘርቨብል ምን ያደርግልሃል?

የከዚራ ልጅ፦
አንድ አይደለም ዋሪያ፣ የኮንቴይነር ዝርዝር ነው። በዲፈር ሄደልኝ፣ ተባረኩ። የማራገፊያ ቀጠሮ የሚያስይዘው ፖስት (አዲስ ነገር የሚያስመዘግብ ሪኩዌስት) ላይም ይሄንኑ ላድርግ?

ለገሃሬ፦
ለዝርዝሩ መርጅማፕ (ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር ሪኩዌስት የሚያስነሳ) ተጠቀምና በሁለተኛው አርጊውመንት 5 በለው፤ በአንዴ ከአምስት በላይ አይልክም። ፖስቱ ላይ ግን ሪትራይ እንዳታደርግ! መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋም ቀጠሮው ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ብትደግመው ሁለት ቀጠሮ ነው። ኤፒአዩ አይደምፖተንሲ ኪ (የተደገመ ሪኩዌስት አንዴ ብቻ እንዲፈጸም የሚያደርግ መለያ) ይቀበል እንደሆነ ዶክመንቱን እይ። የማይቀበል ከሆነ ከመድገምህ በፊት ቀጠሮው መያዙን በጌት (መረጃ ብቻ በሚጠይቅ ሪኩዌስት) አረጋግጥ።