የዕቅድ ውይይት፦ የሴናተር ዊሊያም ስሚዝ የፖሊስ ሕግ ሥራ በአማርኛ፣ እና የምናቀርበው የጋራ ጥያቄ

ሰብሳቢ፦
የሰነዳችን ረቂቅ ደርሷችኋል። የምናዘጋጀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የ20ኛው ዲስትሪክት ሴናተር ዊሊያም ስሚዝ በሜሪላንድ ሴኔት በፖሊስ ጉዳይ ምን እንደሠሩ ለሲልቨር ስፕሪንግና ለታኮማ ፓርክ ወገኖቻችን በአማርኛ የሚያስረዳ ሰነድ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ተነሥተን የምናቀርበው የቋንቋ ጥያቄ ነው፤ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ቅጾችና ማሳሰቢያዎች በአማርኛም እንዲወጡ። የመጀመሪያው ክፍል ርእስ ለጊዜው «የሴናተሩ ንግግሮች» ይላል። መታረም ያለበትን በየክፍላችሁ ጻፉ።

ሰነድ አሰባሳቢ፦
ሰብሳቢያችን፣ መጀመሪያ መታረም ያለበት ርእሱ ነው። በዋሽንግተኑ ኮንግረስ አዳራሽ የሚደረገው ንግግር ታትሞ ይወጣል። የሜሪላንድ ሕግ አውጪ ጉባኤ ያለበት አናፖሊስ ግን እንደዚያ አይደለም። የሜሪላንድ ሴኔት ጆርናል የሚመዘግበው የቀረበውን ሐሳብ፣ ማሻሻያውንና የድምፁን ውጤት እንጂ ንግግሩን አይደለም። ንግግር ከፈለግን ከቪዲዮ ቀድተን መጻፍ አለብን፤ በዚያም ላይ አንድ ሰዓት ሰምቶ ሁለት አንቀጽ ማግኘት የተለመደ ነው።

ደግሞም የአንድ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሥራ ከንግግሩ ይልቅ በረቂቁ ላይ ይታያል። ሴናተሩ የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑት በ2020 ነው። የዚያ ዓመት ጉባኤ በኮቪድ ምክንያት ማርች 18 ላይ ተበተነ። ኮሚቴያቸው ግን በሴፕቴምበር ለሦስት ቀናት በቪዲዮ ተሰብስቦ የፖሊስ ማሻሻያ ረቂቆችን ሰማ። በ2021 የወጣው የሕግ ጥቅል መሠረቱ እዚያ ስለሆነ ሰነዳችን ከዚያ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን፦ የ2021ን የሴኔት ረቂቅ ሕግ ቁጥር 600 ከሕግ አውጪው ጉባኤ ድረ ገጽ ላይ ከፍተን ሦስቱን ቅጂ ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ መጀመሪያ የቀረበውን፣ ለሦስተኛ ንባብ (በምክር ቤቱ ለመጨረሻ ድምፅ) የቀረበውን፣ በመጨረሻ የጸደቀውን። በትልልቅ ፊደላት የተጻፈው በነባሩ ሕግ ላይ የሚጨመር ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ከነባሩ ሕግ የሚወጣ ነው። ከሥሩ የተሰመረበት በውይይቱ ጊዜ በረቂቁ ላይ የተጨመረ ሲሆን መሐሉ የተሰረዘው የተጣለ ነው። ሰያፍ ፊደል ካያችሁ ሌላው ምክር ቤት ያስገባው ማሻሻያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ አንሥቶ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ ይጽፋል፣ ያ መስመር ግን በኮሚቴ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

የሕግ ክፍል፦
ትክክል ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የ2021ን ጥቅል በሙሉ ለአንድ ሰው እንዳንሰጥ። ቁጥር 600 በሴናተር ስሚዝ ስም የቀረበ ነው። በዲሲፕሊን ጉዳይ ልዩ ጥበቃ ይሰጥ የነበረውን የፖሊሶች የመብት ድንጋጌ የሻረው የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ 670 ግን የያኔዋ አፈ ጉባኤ የአድሪየን ጆንስ ነው። የሰውነት ካሜራና የኃይል አጠቃቀም ያለበት ሴኔት 71 የሴናተር ቻርልስ ሲድነር፣ የዲሲፕሊን መዝገብን ለሕዝብ የከፈተውና ሳያንኳኩ የመግባት ፈቃድን ያጠበበው ሴኔት 178 የያኔዋ ሴናተር የጂል ካርተር ናቸው። 178ን ሰው የሚያውቀው በ2018 በፖሊስ እጅ በሞተው በ19 ዓመቱ አንተን ብላክ ስም ነው። የያኔው ገዥ ሆጋን 670ን፣ 71ንና 178ን ውድቅ አደረጉ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ኤፕሪል 10 ቀን 2021 መልሰው አጸደቋቸው። ለዚህ ከየምክር ቤቱ ሦስት አምስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከ47ቱ ሴናተሮች 29 ማለት ነው። ቁጥር 600 ግን ያለ ገዥው ፊርማ ሕግ ሆነ። በረቂቃችን ላይ አራቱም «ተሽረው የተመለሱ» ተብለዋል፤ ይታረም።

600 ምን አደረገ? ፖሊስ ሰው ሲሞትበት ራሱን በራሱ እንዳይመረምር በዋና ዐቃቤ ሕጉ ሥር ነጻ የምርመራ ክፍል አቋቋመ፤ ሥራውን የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 2021 ነው። የአካባቢው ፖሊስ የሞቱን ነገር እንዳወቀ ለክፍሉ ማሳወቅ አለበት። መጀመሪያ ክፍሉ ምርመራውን በጨረሰ በ15 ቀን ውስጥ ውጤቱን ለካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ይልክ ነበር እንጂ ራሱ አይከስም ነበር። የመክሰስ ሥልጣኑ ለዋና ዐቃቤ ሕጉ የተሰጠው በ2023 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ መጻፍ አለብን፤ የ2021ን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው ዛሬ ወደ ተሳሳተ ቢሮ ይሄዳል። በተጨማሪ 600 ፖሊስ ከጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ የጦር መሣሪያ የተገጠመለት አውሮፕላን፣ ድሮንና ተሽከርካሪ፣ የቦምብ ማስወንጨፊያ፣ የድምፅ ማፈኛ እንዳይወስድ ከልክሏል።

ሰብሳቢ፦
ርእሱ «ሴናተሩ በረቂቆቹ ላይ የሠሩት» ይሁን። ተርጓሚያችን፣ የቃላቱ ነገር እንዴት ሆነ?

ተርጓሚ፦
ከሁሉም የከበደኝ የአራቱ ውሳኔዎች ስም ነው። በ670 መሠረት በየካውንቲው አምስት ሲቪሎች ያሉበት የክስ ኮሚቴ የምርመራውን ፋይል አይቶ ከአራት አንዱን ይወስናል። ረቂቃችን ሦስቱን «ነጻ ወጣ» ብሎ ደምሯቸዋል። ይህ አቤቱታ አቅራቢውን ክፉኛ ያሳስታል። የማቀርበው ይህ ነው፦

«አስተዳደራዊ ክስ ተመሠረተ»፤ ከሥሩ ሁልጊዜ «የወንጀል ክስ አይደለም፤ ቅጣቱ ከተግሣጽ እስከ ስንብት የሚደርስ የሥራ ቅጣት ነው» የሚል መስመር ይኑር። «ክስ» የሚለውን ቃል የሰማ የእኛ ሰው ፖሊሱ ነገ ፍርድ ቤት ይቆማል ብሎ ይጠብቃልና።

«አስተዳደራዊ ክስ አልተመሠረተም»፤ ኮሚቴው ላለመክሰስ ወሰነ ማለት ብቻ ነው። አቤቱታው ውሸት ነው አላለም።

«ድርጊቱ ሕጉንና ደንቡን የተከተለ ነው»፤ ተፈጽሟል፣ ነገር ግን ጥፋት አይደለም። እዚህ ላይ «ነጻ ወጣ» ብንል አንባቢው ድርጊቱ አልተፈጸመም ብሎ ይረዳዋል።

«አቤቱታው በማስረጃ አልተደገፈም»፤ የተባለው ነገር መሠረት አልተገኘለትም።

ሌላው፣ የ71 የኃይል አጠቃቀም መለኪያ «አስፈላጊና ተመጣጣኝ» የሚል ነው። በረቂቃችን ቀድሞ የተጻፈው «ምክንያታዊ» የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ያስቀመጠው መለኪያ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚያ የጠበቀ ስለሆነ ሁለቱ ቃላት አይቀላቀሉ።

ሰነድ አሰባሳቢ፦
እህታችን፣ ሦስተኛው በጣም ጥሩ ነው። እንዳለ ይግባ።

የሕግ ክፍል፦
አሁን ወደ ጥያቄያችን። ረቂቃችን የስቴቱን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ይጠቅሳል። ያ ሕግ መሥሪያ ቤቱ በሚያገለግለው አካባቢ 3 በመቶ የሆነ ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ ዋና ዋና ሰነዶች እንዲተረጎሙ ያዛል። ነገር ግን የሚያስገድደው የስቴት መሥሪያ ቤቶችን ነው። በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚቀበለው የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድ ግን የካውንቲ አካል ነው። በዚህ ላይ ከቆምን ገና በመጀመሪያው ገጽ «አይመለከተንም» እንባላለን። መቆሚያችን የሕዝብ ደኅንነት ሕግ አንቀጽ 3-102 ይሁን።

በዚህ አንቀጽ መሠረት ለቦርዱ የሚቀርብ አቤቱታ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ የፖሊሱ ስም፣ የሆነው ነገር፣ የአቤቱታ አቅራቢው አድራሻ። ኖተሪ አያስፈልገውም። ቦርዱም በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ፖሊስ መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ይህን ያህል ቀላል የሆነው አቤቱታ የሚሰናከለው በሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጉዳዩ የሚሄድበት ቦታ። የታኮማ ፓርክ ፖሊስ የከተማ ቢሆንም ጉዳዩ ወደ ካውንቲው ኮሚቴ ይሄዳል። የስቴት ፖሊስና በሁለት ካውንቲዎች የሚሠራው የፓርክ ፖሊስ ግን ወደ ስቴቱ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ «የፖሊሱ ልብስ ወይም መኪና ላይ ምን ተጽፎ ነበር?» የሚል ጥያቄ በአማርኛ ይኑር። ሁለተኛ፣ የጉዳይ ቁጥር። መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ አቅራቢው በቁጥሩ ገብቶ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚያይበት የመረጃ ቋት ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ግን ይህ አይጠቅመውም። ሦስተኛ፣ ትዕግሥት ማጣት። ከአቤቱታው እስከ ኮሚቴው ውሳኔ የተፈቀደው ጊዜ 1 ዓመት ከ1 ቀን ነው። በመጨረሻም ኮሚቴው ግኝቱን በዝርዝር ጽፎ ለአቤቱታ አቅራቢው ይልካል፣ ያም በእንግሊዝኛ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ስንት ገጽ ነው የሚተረጎመው? «ሰነዶች ሁሉ» ካልን የስቴቱ የሕግ አገልግሎት መሥሪያ ቤት በወጪ ማብራሪያው ላይ ትልቅ ቁጥር ያስቀምጥና የሕግ ረቂቁ በዚያው ይቀራል።

ተርጓሚ፦
አንድ የአቤቱታ ቅጽ፣ ለአራቱ ውሳኔዎች አራት የሽፋን ገጽ፣ ስለ ጉዳይ ቁጥር አንድ ማሳሰቢያ። ዝርዝር ውሳኔው ራሱ አይተረጎምም፤ የሽፋን ገጹ የትኛው ውሳኔ እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይነግራል። ስድስት ሰነድ ነው፣ የሚተረጎመውም አንድ ጊዜ።

ገንዘብ ያዥ፦
እንዲህ ከሆነ ይሄዳል። ስለ እኛ ደግሞ፦ ማኅበራችን ከቀረጥ ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሕግ እንዲሻሻል መጠየቅ ይፈቀድልናል፣ መጠኑ ግን ውስን ነው። 5768 ቅጽን ሞልተን ለፌዴራሉ የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ብንልክ ልኩ በቁጥር ይታወቃል፤ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ የዓላማ ወጪ እስከ 20 በመቶ ነው። የአባላት የፈቃደኝነት ሰዓት በዚህ አይቆጠርም። በምርጫ የሚወዳደርን ሰው መደገፍ ግን ጨርሶ ክልክል ነው። ሁሉም የሜሪላንድ ሴናተሮች በአንድ ዓመት ነው የሚመረጡት፣ 2022 ነበር፣ 2026 ነው። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ ያለችው «ባለውለታችን» የምትለው ቃል ትውጣ፤ የሴናተሩም ፎቶ አይለጠፍ። የድምፅ መዝገቡንና የረቂቅ ቁጥሩን እንጻፍ።

ሰብሳቢ፦
ይወጣል። አሁን ለማን ቀድመን እናስገባ? ረቂቃችን «ለሴናተሩ ቢሮ» ይላል።

የሕግ ክፍል፦
ለቦርዱ ቀድመን ብናስገባ እመርጣለሁ። ቦርዱ በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 31 ስለ ዲሲፕሊን ሂደቱ አዝማሚያና መሻሻል ስላለበት ነገር ሪፖርት ያወጣል። በሕጉ መሠረትም ከፖሊስ አለቆች ጋር በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል። ጥያቄያችን በዚያ ሪፖርት ውስጥ እንደ ምክረ ሐሳብ ከገባ ሴናተሩ የሚይዙት ነገር አላቸው፤ የአንድ ማኅበር ልመና መሆኑ ይቀራል። ጉባኤው በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ተከፍቶ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። አንድ ረቂቅ በ69ኛው ቀን ከተነሣበት ምክር ቤት አልፎ ወደ ሌላው ካልተሻገረ እዚያ መሰማቱ ዋስትና የለውም። በፌብሩዋሪ ሐሳብ ይዞ ቢሮ የሚመጣ ሰው ዘግይቷል። ለቦርዱ በሴፕቴምበር፣ ለሴናተሩ ቢሮ ከኖቬምበር ባላለፈ ጊዜ ይሁን።

ሰነድ አሰባሳቢ፦
የሕግ ረቂቁ ለጉባኤው ከቀረበና የምስክርነት ቀን ከተያዘ፣ ጽሑፋችን በፒዲኤፍ ይጫናል። ሲመዘገቡ ከአራቱ አቋሞች አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው፦ ድጋፍ፣ ድጋፍ ከማሻሻያ ጋር፣ ተቃውሞ፣ መረጃ ብቻ። የእኛ ሁለተኛው ነው። ብዙ ማኅበር «ድጋፍ» ብሎ ተመዝግቦ ማሻሻያውን ውስጥ ይጽፈዋል፤ የኮሚቴው ሠራተኞች ሲደምሩ ግን ማሻሻያው አይታይም። የመጫኛውን ሰዓት በየዓመቱ ከኮሚቴው መመሪያ ላይ ማየት ነው፤ ቀኑ ከምስክርነቱ ቀን ይቀድማል።

ሰብሳቢ፦
የጥያቄው አንቀጽ እንዲህ ቢሆንስ? «በአንቀጽ 3-102 እና 3-104 ላይ፣ ቦርዱና የክስ ኮሚቴው የአቤቱታ ቅጹን፣ የጉዳይ ቁጥር ማሳሰቢያውንና የውሳኔ ሽፋን ገጹን በካውንቲው በብዛት በሚነገሩ ቋንቋዎች ያቀርባሉ የሚል እንዲጨመር እንጠይቃለን።»

የሕግ ክፍል፦
«በብዛት» ይውጣ፤ ልክ የለውም። «ካውንቲው ራሱ ለነዋሪዎች መረጃ በሚያወጣባቸው ቋንቋዎች» ይባል። የእኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲ በአማርኛ ስለሚያወጣ እኛ እንገባለን፤ ሌላውም ካውንቲ በራሱ ልክ ይሠራበታል።

ሰብሳቢ፦
ተስተካክሏል። ሰነድ አሰባሳቢያችን የሦስቱን ቅጂ ንጽጽር፣ ተርጓሚያችን ስድስቱን ሰነድ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ያምጡልን፤ 5768ቱን ከገንዘብ ያዣችን ጋር እኔ እፈርማለሁ።