ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል ለማድረግ የትኛው ሊኑክስ ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ባሕር ዳር ነው ያለሁት። እባካችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። ፕሮግራሞችን ራሴ ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ (የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) እየተማርኩ ነው፤ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ብቻ ነው ያለው፣ ባትሪውም ደክሟል።

አሁን ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ላይ ነኝ። ሜክ የሚባለውን የኮምፓይል ትእዛዝ ስሰጠው ሄደር ፋይሉ (ላይብረሪውን ለመጠቀም ኮምፓይል ሲደረግ የሚነበበው ፋይል) የለም ብሎ ቀጥ ይላል። ላይብረሪው ተጭኗል እኮ! ለካ ሄደሩ መጨረሻው ላይ ዴቭ የሚል ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ነው፣ ያንን አንድ በአንድ ስፈልግ ይመሽብኛል። አርች የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ሄደሮቹን ከላይብረሪው ጋር አብሮ ይጭናል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚያዘምን የኢንተርኔት ጥቅሌን እንዳይጨርስብኝ ፈራሁ። ልቤ ያለው ፕሮግራሞቹን ከሶርስ ኮድ በሚሠራው ሊኑክስ፣ ጄንቱ ላይ ነው፤ ትናንት ማታ ግን ጂሲሲን (ኮምፓይለሩን ራሱን) ሲሠራ ሰዓታት ፈጅቶ፣ ሳይጨርስ መብራት ሄደ።

ዴቢያን ላይ ልቆይ ወይስ አርች ልግባ? በ4 ጊጋ ራም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ሜክን ስንት ሥራ በአንዴ እንደምታስይዙት ንገሩኝ።