ትንሹን ቬፕ ልያዝ ወይስ ትልቁን?

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው። ሲጋራ ለማቆም ስታገል ያየ ወንድሜ ከውጭ ሁለት ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞልኝ መጣ። እዚህ አገር መሸጡ በአዋጅ 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ የምጠይቀው ሻጭ የለም።

ሁለቱም ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ይጣላሉ። ትንሹ 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን። ትልቁ 10 ሚሊ ሊትር ሆኖ 50 ነው። እስቲ አስሉት፤ ትንሹ ውስጥ በጠቅላላው 40፣ ትልቁ ውስጥ 500 ሚሊ ግራም! ካርቶኑ ላይ ስንቴ እንደሚሳብ የተጻፈውን ቁጥር ተዉት፣ አሳሳብ እንደየሰዉ ነው።

ትንሹ ኪስ ውስጥ አይታወቅም፣ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት የጠፋ ቀን ወደ ሲጋራዬ ልመለስ ነው። ትልቁ ይቆያል። ግን ቶሎ ስለማያልቅ ቡና በጠጣሁ ቁጥር ስስብ እንዳልውል ፈራሁ፤ ጅማ ላይ ደግሞ ቡና ስንቴ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ ፈሳሹ ቢዋጥ መርዝ ነው።

ከሲጋራ የወጣችሁ ሰዎች፣ በየትኛው ጀመራችሁ? በቀን ግማሽ ፓኮ ለሚያጨስ ሰው 50ው አይበዛም? ያለቀውንስ የት ትጥላላችሁ? ሊቲየም ባትሪ ስላለው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መወርወር አልፈልግም።